ክራክ ዴ ሼቫሊዬ፦ ስለ ሶርያው የመስቀል ጦረኞች ምሽግ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከመካከለኛው ዘመን ምሽጎች ሁሉ እንደ ክራክ ዴ ሼቫሊዬ ልቤን የሳበው የለም። ፎቶግራፉን ያዩ ሰዎች ስለ እርሱ የሚጠይቁት ጥያቄ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ስለሆነ መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምሽጉ የሚገኘው የት ነው?

በምዕራብ ሶርያ፣ ከሆምስ ከተማ በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ አል-ሑስን ከምትባል መንደር በላይ ባለ ኮረብታ ላይ ነው። ኮረብታው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 650 ሜትር ከፍ ይላል። በደጋ ላደገ ሰው ይህ ቁጥር ምንም አይደለም፤ ነገር ግን ከዚያ ላይ ቆሞ የሚታየውን ማሰብ ያስፈልጋል። በሊባኖስ ተራሮችና በሶርያ የጠረፍ ተራሮች መካከል «የሆምስ በር» የሚባል ሰፊ ክፍተት አለ። ከሆምስና ከሐማ ተነሥቶ ወደ ሜዲትራኒያን ጠረፍ የሚወርድ ነጋዴም ሆነ ሠራዊት መንገዱ በዚያ በኩል ነው። ምሽጉ ይህን በርና ከሥሩ የተዘረጋውን የቡቃይዓ ሜዳ ቁልቁል እያየ ይጠብቃል።

ከዚህ በታች «ትሪፖሊ» የሚለው ስም ደጋግሞ ይመጣል። የሊባኖሷ ትሪፖሊ ናት እንጂ የሊቢያዋ አይደለችም።

ስሙ ምን ማለት ነው?

የመስቀል ጦረኞች ከመምጣታቸው በፊት ቦታው በዐረብኛ «ሒስን አል-አክራድ» ይባል ነበር፤ የኩርዶች ምሽግ ማለት ነው። በ1031 የሐለብና የሆምስ አሚር መንገዱን እንዲጠብቁለት የኩርድ ወታደሮችን እዚያ አስፍሮ ነበርና ስሙ ከእነርሱ መጣ። ፍራንኮቹ፣ ማለትም ከምዕራብ አውሮፓ የመጡት የመስቀል ጦረኞች፣ «አክራድ» የሚለውን ቃል በራሳቸው አንደበት «ክራት» አሉት፤ ቆይቶም ምሽግ ከሚል ትርጉም ካለው ሌላ የአካባቢው ቃል ጋር ተቀላቅሎ «ክራክ» ሆነ። «ዴ ሼቫሊዬ»፣ ማለትም «የፈረሰኞቹ» የሚለው ቅጥያ የተጨመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ምሽጉን የገነቡት ሰዎች በዚህ ሙሉ ስም ጠርተውት አያውቁም። ዛሬ የአገሩ ሰው «ቀልዓት አል-ሒስን» ይለዋል።

ዮርዳኖስ ውስጥ ካለው ከረክ ጋር አንድ ነው?

አይደለም። የዮርዳኖሱ ከረክ ከሙት ባሕር በስተምሥራቅ ያለ ሌላ የመስቀል ጦረኞች ምሽግ ነው፤ በ1188 በሙስሊሙ ሱልጣን በሳላሕ አድ-ዲን ሠራዊት እጅ ወድቋል። የስማቸው መመሳሰል ብዙ ጸሐፊዎችን አሳስቷል።

ማን ሠራው?

ይህ ጥያቄ አንድ ስም ብቻ የሚጠራበት መልስ የለውም፤ እኔም ግንቡን የምወደው በዚህ ምክንያት ነው። ከኩርዶቹ ምሽግ በኋላ በ1099 መጀመሪያ ላይ ከመስቀል ጦር መሪዎች አንዱ የቱሉዙ ሬይሞን ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዝ ቦታውን ለአጭር ጊዜ ያዘው፤ ከዚያ ትቶት ሄደ። በ1110 የአንጾኪያው ገዢ ታንክሬድ መልሶ ያዘው። ወሳኙ ዓመት ግን 1142 ነው። በዚያ ዓመት የትሪፖሊው ቆንስ ዳግማዊ ሬይሞን ምሽጉን ከዙሪያው መሬት ጋር ለሆስፒታለር ፈረሰኞች አሳልፎ ሰጠ። በለጋስነት ብቻ አልነበረም፤ ድንበሩን በራሱ ወታደሮች ለመጠበቅ ዐቅም አጥቶ ነበር።

ፈረሰኞቹ ከ1142 እስከ 1170 ባለው ጊዜ የመጀመሪያውን ትልቅ ግንብ ሠሩ። በ1170 ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳውና ብዙው ክፍል እንደገና ተሠራ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የውጭው ቅጥር ተጨመረ፤ ዛሬ የምናየው ቅርጽ የያዘውም ያን ጊዜ ነው። ከ1271 በኋላ ደግሞ የግብፅ ሙስሊም ገዢዎች የነበሩት ማምሉኮች ጠገኑት፣ ማማዎችም ጨመሩበት። በደቡብ በኩል ከፊት ለፊት የሚታየው ትልቅ አራት ማዕዘን ማማ በ1285 በሱልጣን ቀላውን ዘመን የተሠራ ነው። ስለዚህ «የመስቀል ጦረኞች ግንብ» ተብሎ በፎቶግራፍ የሚታየው ሕንፃ በከፊል የሙስሊም ግንበኞች ሥራ ነው።

ሆስፒታለር ፈረሰኞች እነማን ነበሩ?

ስማቸው እንደሚያመለክተው ጅማሬያቸው ሕሙማንን ማስታመም ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ኢየሩሳሌም ለሚሳለሙ ምእመናን ማረፊያና ሕክምና ይሰጥ የነበረ የቅዱስ ዮሐንስ ቤት ነበር፤ ማኅበሩ በ1113 ከሮም ሊቀ ጳጳሳት ዕውቅና አገኘ። ከዚያ እያደር ሰይፍ ታጠቁ። እንደ መነኮሳት በድህነት፣ በንጽሕናና በመታዘዝ ቃል ኪዳን የታሰሩ፣ እንደ ወታደር ደግሞ በፈረስ የሚዋጉ ሰዎች ሆኑ። አንድ ሰው በአንድ ቀን ሰዓታት ጸልዮ፣ በዚያው ቀን ሰይፍ ይዞ መውጣቱ ለዛሬ አንባቢ እንግዳ ነው። የግንቡ አሠራር ግን ሁለቱንም ይመሰክራል፤ ከግቢው አንደኛው ጎን ጸሎት ቤት ነው፣ በዙሪያው ደግሞ የቀስተኛ ቀዳዳ።

ለምን ሁለት ቅጥር አስፈለገው?

ኮረብታው በሦስት ጎን ገደል ነው። አምባ ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ተፈጥሮ ግማሹን ሥራ ሠርታለች። በደቡብ በኩል ግን ኮረብታው ከሌላ ሸንተረር ጋር ይያያዛል፤ ጠላት መሣሪያውን ጎትቶ የሚጠጋው በዚያ ነው። ግንበኞቹም ጉልበታቸውን ያፈሰሱት እዚያ ነው።

የውስጠኛው ቅጥር ከውጭው በብዙ ከፍ ያለ ነው። በመሆኑም በውስጠኛው ማማ ላይ ያለ ቀስተኛ በውጭው ቅጥር ላይ በቆመው ጓደኛው ራስ በላይ አሳልፎ መወርወር ይችላል። ጠላት የውጭውን ቅጥር ጥሶ ቢገባ እንኳ ራሱን በሁለት ግድግዳ መካከል፣ ከላይ ቀስት በሚወርድበት ጠባብ ቦታ ያገኘዋል። በውጭው ቅጥር አናት ላይ ወደ ውጭ ወጣ ብለው የተሠሩ፣ ወለላቸው ክፍት የሆነ የድንጋይ ሳጥኖች አሉ፤ ከእነርሱ ውስጥ ሆኖ ግንቡ ሥር በተጠጋ ሰው ላይ በቀጥታ ድንጋይ መልቀቅ ይቻላል።

በደቡብና በምዕራብ በኩል የውስጠኛው ግንብ እግሩ እንደ ተራራ ወገብ የተንጣለለ ነው። ከታች እጅግ ሰፊ ሆኖ ይጀምርና እየጠበበ ይወጣል፤ ክብ ማማዎቹ ከዚያ ተዳፋት ውስጥ የበቀሉ ይመስላሉ። የሚያገለግለውም ለሁለት ነገር ነው። ከሥር ቆፍሮ ግንብ ለመናድ የሚሞክር ጠላት ማለቂያ የሌለው ድንጋይ ይገጥመዋል፤ ምድር ስትንቀጠቀጥም ግንቡን ደግፎ ይይዘዋል። የ1170ን መናወጥ ያዩ ሰዎች ሁለተኛውን ጥቅም ሳያስቡት አልቀሩም።

ወደ ውስጥ የሚገባው እንዴት ነው?

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ክፍል ነው። ዋናው በር በምሥራቅ በኩል ነው። በሩን አልፈው እንደ ገቡ ፀሐይ ከኋላዎ ትቀራለች፤ ከፊትዎ ጣሪያው በድንጋይ ቅስት የተሸፈነ ጨለማ መተላለፊያ ሽቅብ ይወጣል። ደረጃዎቹ ዝቅ ዝቅ ያሉና ሰፋፊ ናቸው፤ ፈረስ ጋላቢውን እንደ ተሸከመ እንዲወጣባቸው ነው። በየመሀሉ ከጣሪያው ቀዳዳ የብርሃን ዘንግ ይወርዳል። ያ ቀዳዳ ብርሃን ያስገባል፤ በክፉ ቀን ደግሞ በመተላለፊያው የሚመጣውን ጠላት ከላይ ለመምታት ነው።

ከዚያ መንገዱ በድንገት ወደ ኋላ ይታጠፋል። ሲሮጥ የመጣ ወታደር እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን ያጣል፤ ግንድ ይዞ በር ሊሰብር የመጣም ግንዱን ማዞሪያ ቦታ አያገኝም። ከጨለማው ወጥቶ ብርሃን ዐይኑን ሲወጋው ደግሞ ሌላ በር ይጠብቀዋል። ግድግዳው ብቻውን ሳይሆን መንገዱም መሣሪያ ሆኖ ተሠርቷል።

ከበባ ሲመጣ ምን ይበሉና ይጠጡ ነበር?

በውስጠኛው ቅጥር ሥር ረዣዥም ቅስት ጣሪያ ያላቸው ጎተራዎች አሉ። በምዕራብ በኩል ባለው ረጅም አዳራሽ የውኃ ጉድጓድና ትልቅ የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ዛሬም ይታያል፤ በተርታ የተሠሩ መጸዳጃ ቤቶችም አሉ። ስለ ምሽግ ሲወራ ሰይፍና ማማ ይወሳል፣ መጸዳጃ ቤት አይወሳም፤ ነገር ግን ብዙ ሕዝብ በአንድ ግቢ ለወራት ተዘግቶ ሲቀመጥ ከቀስት ይልቅ የሚገድለው በሽታ ነው። ግንበኞቹ ይህን አውቀዋል።

ለውኃ የዝናቡን ውኃ የሚያጠራቅሙ ጉድጓዶች ነበሩ። በደቡብ በኩል በሁለቱ ቅጥሮች መካከል ደግሞ ትልቅ ክፍት የውኃ ማጠራቀሚያ አለ፤ እንስሳት ይጠጡበታል፣ ወደ ተዳፋቱ ግንብ ለሚጠጋ ጠላትም እንቅፋት ይሆናል። እህሉን የሚፈጭ የነፋስ ወፍጮም በአንዱ ማማ ላይ ቆሞ ነበር።

ስንት ሰው ይኖርበት ነበር?

በ1212 በዚያ በኩል ያለፈ አንድ ጀርመናዊ ተጓዥ 2,000 ያህል ጠባቂ እንዳለው ጽፏል። ከእነዚህ ውስጥ ቃል ኪዳን የገቡት ፈረሰኞች እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ በ1250ዎቹ 60 ያህል ፈረሰኞች ይነገራሉ። የቀረው እግረኛ፣ ቅጥረኛ ወታደር፣ አገልጋይና ባለሙያ ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በልብዎ ይያዙ፤ ግንቡ እንዴት እንደ ወደቀ ለመረዳት ይጠቅማሉ።

ሳላሕ አድ-ዲን ለምን አልያዘውም?

በ1187 ኢየሩሳሌምን ከያዘ በኋላ በ1188 ወደ ሰሜን ዘምቶ ምሽጎችን አንድ በአንድ ይለቅም ነበር። ክራክ አጠገብ ሰፈረ፣ ተመለከተው፣ ከዚያም ትቶት አለፈ። ብዙ ጊዜና ሰው እንደሚበላበት ስለ ገባው ለስላሳ ወደ ሆኑት ፊቱን አዞረ። በዚያው ዘመቻ የወሰደው የሰህዩን ምሽግ ዛሬ «የሳላሕ አድ-ዲን ምሽግ» በሚል ስም ከክራክ ጋር በአንድነት በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ከእርሱ በፊት የሶርያው ሙስሊም ገዢ ኑር አድ-ዲን በ1163 ከምሽጉ ሥር ቡቃይዓ ሜዳ ላይ ሰፍሮ ሳለ ፍራንኮቹ በድንገት ወርደው ሠራዊቱን በትነውታል። በ1218 የጎበኘው የሃንጋሪው ንጉሥ ዳግማዊ አንድራስ ደግሞ ምሽጉን የክርስቲያኖች ምድር ቁልፍ ብሎት፣ ለፈረሰኞቹ ዓመታዊ ገቢ መድቦላቸዋል።

እንግዲያስ እንዴት ወደቀ?

ግንቡ ከመውደቁ በፊት ሰው አልቆበት ነበር። በ1268 የሆስፒታለሮች አለቃ ኡግ ሬቬል በምሥራቅ ምድር የቀሩት የማኅበሩ ወንድሞች 300 ብቻ እንደሆኑ፣ በአንድ ወቅት ወደ 10,000 ሰው ይኖርበት የነበረው የአካባቢው መሬትም ባዶ እንደ ቀረ አመልክቶ ነበር። ገበሬ ከሌለ ግብር የለም፤ ግብር ከሌለ ወታደር የለም። በነሐሴ 1270 የፈረንሳዩ ንጉሥ ዘጠነኛው ሉዊ ቱኒስ ላይ ሲሞት፣ የግብፁ ማምሉክ ሱልጣን ባይባርስ ከአውሮፓ የሚመጣ ጦር ያሰጋኛል ብሎ ማሰቡን ተወ።

መጋቢት 3 ቀን 1271 ባይባርስ ምሽጉ ሥር ደረሰ። ዝናቡ የድንጋይ መወርወሪያ መሣሪያዎቹን ለጥቂት ቀናት አዘገየበት። ከዚያ ቆፋሪዎቹ በደቡብ ምዕራብ ማዕዘን ካለው ማማ ሥር ገብተው መጋቢት 29 ቀን ናዱት፤ ሠራዊቱም በተከፈተው ቦታ ወደ ውጭው ግቢ ገባ። እዚያ ያገኙት በአብዛኛው ከአካባቢው ሸሽተው የተጠለሉ ገበሬዎችን ነበር። ፈረሰኞቹ ወደ ውስጠኛው ግንብ አፈገፈጉ።

የቀረው ከሁሉ የከበደው ክፍል ነው፤ የተዳፋቱ ግንብ ፊት ለፊት ቆሟል። ባይባርስ አሥር ቀን ያህል ቆየ። ከዚያ አንድ ደብዳቤ ወደ ውስጥ ተላከ። ትሪፖሊ ካለው አለቃቸው የመጣ የሚመስል፣ እጅ እንዲሰጡ የሚፈቅድ ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤው ሐሰተኛ ነው። ሚያዝያ 8 ቀን ጠባቂዎቹ እጅ ሰጡ፤ ሱልጣኑም ሕይወታቸውን ምሮ ወደ ትሪፖሊ ሸኛቸው።

ተታለሉ ወይስ መታለል ፈለጉ? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል። በጎተራው እህል ቢኖርም ሊረዳቸው የሚመጣ ጦር አልነበረም፤ እጅ ለመስጠት የቸገራቸው ድፍረት ሳይሆን ፈቃድ ነበር። መነኩሴ ወታደር ያለ አለቃው ትእዛዝ ምሽግ አይለቅም፤ ባይባርስም የሰጣቸው ያጡትን ፈቃድ ነው።

ይህ ታሪክ ከኢትዮጵያ ጋር ግንኙነት አለው?

ከግንቡ ጋር የለውም፤ ከያዘው ሰው ጋር ግን አለው። ይህ ባይባርስ ዐፄ ይኩኖ አምላክ ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ጳጳስ እንዲላክላቸው በ1274 ገደማ ደብዳቤ የጻፉለት ሱልጣን ነው። ይኩኖ አምላክ የነገሡት በ1270 ነው፤ ክራክ የወደቀው በቀጣዩ ዓመት። ፍራንኮቹን ከሶርያ ጠረፍ የሚነቅለው እጅ፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የምታገኝበትንም በር ይዞ ነበር ማለት ነው።

ጸሎት ቤቱ ምን ሆነ?

ባይባርስ መስጊድ አደረገው። ጸሎት ቤቱ ከ1170 በኋላ የተሠራ፣ ጣሪያው እንደ ተጋደመ በርሜል የተቀለሰ፣ ጌጥ የማይበዛበት ክፍል ነው። መሠዊያው ወደ ምሥራቅ ይመለከት ነበር፤ በደቡቡ ግድግዳ ላይ ወደ መካ አቅጣጫ የሚያመለክተው ሚሕራብ ተፈልፍሏል፣ ሚንበር የሚባል የድንጋይ መስበኪያ መድረክም ቆሟል። አንድ ክፍል ውስጥ ቆሞ ሁለት የጸሎት አቅጣጫ ማየት ይቻላል።

ከእርሱ ትይዩ ከትልቁ አዳራሽ ፊት ያለው በረንዳ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የጎቲክ አሠራር የተሠራ ነው። ከወፍራሙ ምሽግ መካከል እንደ ጥልፍ የረቀቀ ድንጋይ ያለው እዚያ ብቻ ነው። በላዩ በላቲን እንዲህ ተቀርጿል፦ «ሀብት ይኑርህ፣ ጥበብ ይኑርህ፣ ውበትም ይሰጥህ፤ ትዕቢት ግን ከተከተለች ብቻዋን ሁሉን ታረክሳለች።»

የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ አሠራሩን ከዚህ ቀድቷል ይባላል፤ እውነት ነው?

ኤድዋርድ ዐካ ወደብ የደረሰው በግንቦት 1271 ነው፤ ክራክ ከወደቀ አንድ ወር አልፎታል። በዌልስ ያሠራቸው ባለ ሁለት ቅጥር ግንቦች ክራክን ይመስላሉ፤ ነገር ግን ተመሳሳይነት ብቻውን መቅዳትን አያረጋግጥም።

ከዚያ በኋላስ?

ምሽጉ ወታደራዊ ዋጋውን ሲያጣ የአካባቢው ሰዎች በውስጡ ቤት ሠርተው ኖሩ። በ1920ዎቹ ፈረንሳዊው የታሪክ ሊቅ ፖል ዴሻም ሊያጠናው ሲሄድ በግቢው 500 ያህል ሰው ነበር። በ1933 በዚያን ጊዜ ሶርያን ያስተዳድር የነበረው የፈረንሳይ መንግሥት ግንቡን በአንድ ሚሊዮን ፍራንክ ገዛው፤ ነዋሪዎቹም ወጥተው ሥሩ ባለችው መንደር ሰፈሩ። ለድንጋዩ መልካም ሆነ፤ ቆሻሻው ተጠረገ፣ የፈረሰው ተጠገነ። ነገር ግን ለትውልዶች በአዳራሾቹ ውስጥ እሳት አንድደው፣ ከብት አስረው የኖሩት ሰዎችም የግንቡ ታሪክ አካል ናቸው፤ የእነርሱ ቤቶች ግን ተጠርገው ከሄዱት መካከል ነበሩ። ሶርያ ነፃ ስትወጣ ምሽጉ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ።

በሶርያ ጦርነት ምን ደረሰበት?

ከ2012 ጀምሮ ታጣቂዎች ምሽጉን ያዙት፤ በመድፍና በአየር ተደበደበ። መጋቢት 20 ቀን 2014 የመንግሥት ጦር መልሶ ያዘው። ጣሪያዎች ተበሱ፣ ደረጃ ፈረሰ፣ ከበረንዳው ስስ ጌጥም የተጎዳ አለ። ወፍራሙ ግንብ ግን ቆመ። ከሁሉ የከፋው ጉዳት የደረሰው ከሥሩ ባለችው በአል-ሑስን መንደር ነው፤ ቤቶች ወደሙ፣ ሰዎችም ተሰደዱ። በ2013 ዩኔስኮ በሶርያ ያሉትን የዓለም ቅርሶች ሁሉ በአደጋ ላይ ባሉት መዝገብ አስገብቷል።

ከዚያ ወዲህ ፍርስራሹን ማንሣትና መጠገን የተጀመረው በሶርያ የቅርስ ባለሙያዎች እጅ ነው። አብረዋቸው ከሚሠሩት መካከል የሃንጋሪ አርኪኦሎጂስቶች አሉ። ንጉሣቸው ዳግማዊ አንድራስ ለዚህ ምሽግ ገንዘብ ከመደበ ከ800 ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው።